ኩክኒዋ ቀለሙን የቀየረ፣ እሷ ግን ደህና የሆነች ዶሮ፦ ምን ይመረመራል፣ ምንስ ይደረጋል

ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከአቃቂ በጓሮአቸው ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዶሮዬ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትጭራለች፤ ኩክኒዋ ግን ጠቁሯል። ምን ልስጣት?» አንዳንዱ ጠቆረ ይላል፣ አንዳንዱ ነጣ፣ አንዳንዱ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። መደምደሚያው ግን ሁልጊዜ «ምን ልስጣት» ነው። ምንም ከመስጠትዎ በፊት ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ይሥሩ። ደህና በሆነች ዶሮ ላይ የሚታይ የኩክኒ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አይፈልግም። የሚፈልገውም ቢሆን አንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

ኩክኒ የምለው በዶሮዋ ራስ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ነው፤ ከመንቆሯ ሥር ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉትን ደግሞ ሎቲ እላለሁ። ሁለቱም ከቀጭን ቆዳ በታች በደም ሥር የተሞሉ ናቸው። ዶሮ ላብ የላትም፤ ትርፍ ሙቀቷን ከምታስወጣባቸው ቦታዎች አንዱ ኩክኒዋ ነው። ብርድ ሲሆን ደሙን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች። እንቁላል ለመጣል ስትደርስ ደግሞ ሆርሞኗ ኩክኒውን ያሳድገዋል፣ ያቀላዋል። ስለዚህ ቀለሙ ሲቀየር የሚጠየቀው ደም አንሷት ነው ወይስ ደሙ በደንብ እየደረሰ አይደለም፣ ወይስ እንቁላል አቁማ ነው፣ ወይስ ከውጭ ያረፈበት ነገር አለ የሚለው ነው። ደረጃዎቹ በሙሉ እነዚህን ለመለየት የተቀመጡ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን መመሪያ ትተው በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም የሚሄዱባቸው ምልክቶች

ይህ ጽሑፍ የሚያገለግለው ዶሮዋ ከኩክኒዋ በቀር ጤነኛ ስትሆን ብቻ ነው። ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ኩክኒውን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው።

- አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ የምታስነጥስ፣ ስትተነፍስ ድምፅ የምታሰማ ከሆነ።
- ፊቷ ወይም ሎቲዋ ካበጠ።
- አረንጓዴ ውኃማ ኩስ ወይም ደም የቀላቀለ ኩስ ከጣለች።
- አንገቷ ከተጠመዘዘ፣ ክንፏ ወይም እግሯ ከዛለ።
- በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከአንድ በላይ ዶሮ ከሞተብዎ።

ፈንግል፣ የዶሮ ኮሌራና የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ኩክኒን ያጠቁራሉ፤ በእነዚህ የታመመች ዶሮ ግን ጥቁር ኩክኒ ይዛ ስትጭር አትውልም። ምልክቶቹን ካዩ ዶሮዎቹን ከግቢ አያስወጡ፣ ገበያ አይውሰዱ፣ ለጎረቤት አይስጡ። ለወረዳዎ የግብርና ወይም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ። የሞተችውን በእጅዎ አይንኩ፤ አርደው ለመብላትም አያስቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእጅ ባትሪ (የስልክ መብራትም ይሆናል፣ ሁለት እጅ ነጻ ሲሆን ግን ሥራው ይቀላል)
- ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ወይም ጎዝ፣ እንዲሁም ነጭ ወረቀት
- ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ግማሽ ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው የተጨመረበት
- የላስቲክ ጓንት
- ወረንጦ
- ሽታ የሌለው ቫዝሊን
- አዮዲን
- ዶሮዋን ለብቻ ማቆያ ሰፊ ካርቶን ወይም የሽቦ ጎጆ
- ፎቶ የሚያነሳ ስልክ

መድኃኒት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ምርመራው ከማለቁ በፊት መግዛት አያስፈልግም።

ደረጃ 1፦ ሳይይዟት ከርቀት ይመልከቷት

ቢያንስ አሥር ደቂቃ ቆመው ይመልከቱ። ዶሮ ከተሯሯጠችና ከተያዘች በኋላ ኩክኒዋ ይለወጣል፤ አንዷ ትቀላለች፣ ሌላዋ ትጠቁራለች። መጀመሪያ ይዘው ከዚያ ቀለም የሚመረምሩ ሰዎች የሚያዩት የድንጋጤውን ቀለም ነው።

እህል ሲበተን ትመጣለች? ጅራቷ ቆሟል? አፏን ዘግታ ትተነፍሳለች? የምትጥለው ኩስ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ስንት ዶሮዎች ላይ እንደሚታይ ይቁጠሩ። አንዷ ላይ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የራሷ ነው፦ ቁስል፣ ላባ መቀየር፣ እርጅና። ብዙዎቹ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከታየ ግን ከቤቱ፣ ከመኖው፣ ከተባይ ወይም ከሚተላለፍ በሽታ ይፈልጉት።

ደረጃ 2፦ ብርሃኑንና ሰዓቱን ያስተካክሉ

ብዙዎቻችን የዶሮ ቤት ላይ ሰማያዊ ሸራ እንዘረጋለን፤ ወይም ብርሃን እንዲያስገባ አረንጓዴ ፕላስቲክ ቆርቆሮ እንመታለን። ከሰማያዊ ሸራ ሥር ያለች ጤነኛ ዶሮ በፎቶ ሐምራዊ ሆና ነው የምትታየው። ስለዚህ ወደ ሜዳ ስትወጣ፣ ከዛፍ ወይም ከግድግዳ ጥላ ሥር፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሷት። ከጎኗ ደህና ኩክኒ ያላት ሌላ ዶሮ ብትገባ ይመረጣል፤ ለማነጻጸር ይጠቅማል።

ፎቶውን ሁለት ጊዜ ያንሱ፦ አንድ ጊዜ ከቆጥ እንደወረደች ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እኩለ ቀን ገደማ። ሁለቱ ፎቶዎች ብቻቸውን የጥያቄውን ግማሽ ይመልሳሉ። ምክንያቱን ሐምራዊው ላይ ስንደርስ ያዩታል።

ደረጃ 3፦ ይያዟት፣ ይጫኑ፣ የዓይኗን ቆብ ይግለጡ

ሁለቱን ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር አጣብቀው ከደረትዎ ጋር ይያዟት። እንደ ገበያ ዶሮ እግሯን አስረው ወይም ጨብጠው አይዘቅዝቋት። ዶሮ ደረትና ሆድን የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ የላትም፤ ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ የአየር ከረጢቶቿን ይጫናል፣ መተንፈስ ይከብዳታል፣ ኩክኒዋም ይጠቁራል። ከገበያ ተዘቅዝቃ መጥታ «ሐምራዊ ነች» የተባለች ዶሮ መሬት ላይ ከቆመች በኋላ ስትቀላ ማየት የተለመደ ነው።

አሁን ኩክኒውን በአውራ ጣትዎ ጫን አድርገው ይልቀቁ። የተጫኑት ቦታ ይነጣል፣ ከዚያም በሁለት ሰከንድ ገደማ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቶሎ ከተመለሰ ደም እየደረሰ ነው። ጨርሶ ካልነጣ፣ ቦታው ደርቆ ከጠጠረ፣ ያ ክፍል ሞቷል ወይም የደረቀ ቅርፊት ነው።

ቀጥለው የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በቀስታ ዝቅ አድርገው ውስጡን ይመልከቱ፤ አፏንም ይክፈቱ። ደም ያላት ዶሮ ውስጧ ሮዝ ነው። ይህችን ምርመራ አይዝለሏት፤ ኩክኒዋ የነጣ ዶሮ ደም አንሷት እንደሆነ ወይም እንቁላል አቁማ ዕረፍት ላይ እንደሆነች የሚለየው እዚህ ነው። አፏን ሲከፍቱ ቢጫማ ነጭ ነገር ከምላሷ ወይም ከጉሮሮዋ ጋር ተጣብቆ ካዩ ምርመራውን እዚህ ያቁሙና ሐኪም ያሳዩ።

ደረጃ 4፦ ይጥረጉት

ጎዙን በጨው ውኃ ነክረው ኩክኒውን በቀስታ ይጥረጉና ጨርቁን ይመልከቱ። ዶሮ በአመድ ትታጠባለች፣ በጉዝጓዝ ትንከባለላለች፣ ወጥ ቤት ገብታ ጥላሸት ትነካለች፣ የሌላዋ ደም ይፈናጠርባታል። ለቁስል ሐምራዊ ቀለም ቀብተው ረስተው፣ ከሦስት ቀን በኋላ «ኩክኒዋ ሐምራዊ ሆነ» የሚሉኝም አሉ። ከለቀቀና ካልተመለሰ ጉዳዩ አለቀ።

ካልለቀቀ ይዩት፣ ይዳስሱት፦ ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ፣ ከቆዳው በላይ የወጣ ነው ወይስ ቆዳው ራሱ? ነጥቦቹ በወረንጦ ሲነኩ ይንቀሳቀሳሉ?

ደረጃ 5፦ ቀለሙን ለይተው የሚመለከተውን ብቻ ይሥሩ

*ሀ. የነጣ ወይም የገረጣ ኩክኒ*

የዓይን ቆቧ ውስጡ ሮዝ ከሆነ አይደንግጡ። የሚከተሉትን ይጠይቁ። ቄብ ናት? ቄብ ለመጣል እስክትደርስ ኩክኒዋ ትንሽና የገረጣ ነው፤ ከመጀመሪያው እንቁላል ጥቂት ሳምንታት በፊት መቅላት ይጀምራል። ላባ እየቀየረች ነው? ላባ መቀየር ሁለት ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ እንቁላል ታቆማለች፣ ኩክኒዋም ይኮማተራል። ታቅፋለች? ታቅፋ የተቀመጠች ዶሮ ኩክኒዋ ይነጣል፤ 21 ቀኗን ጨርሳ ጫጩቶቿን እስክታሳድግም እንደዚያው ልትቆይ ትችላለች።

እየጣለች መሆኗን ለማረጋገጥ ከኩስ መውጫዋ በታች ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሹል አጥንቶች ይዳስሱ። በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው፤ አንድ ጣት ብቻ ከሆነ አቁማለች። ለትንሿ የሀበሻ ዶሮ ሁለት ጣት በቂ ነው። ይህን የሚያደርጉት ወጪ ላለማውጣት ጭምር ነው፤ ዕረፍት ላይ ላለች ዶሮ ቪታሚን በላይ በላይ ቢገዙ ከተፈጥሮ ጊዜዋ ቀድማ አትመለስም። የምትፈልገው የተሻለ ፕሮቲን ነው፤ ላባ የሚሠራው ከፕሮቲን ነውና። ፉርሽካና የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ ከሆነ ምግቧ፣ የኑግ ፋጉሎ ይጨምሩላት ወይም ወደ ተዘጋጀ የእንቁላል ጣይ መኖ ይለውጡ።

የዓይን ቆቧ ውስጡም ከነጣ ግን ደም እያጣች ነው። የሚበላና የሚጭር ዶሮ ቢሆንም ደህና አይደለም ማለት ነው። የደሙ ሌባ ሁለት ቦታ ይፈለጋል። አንዱ ውጭ ነው፤ ደረጃ 6ን በዚያው ቀን ማታ ይሥሩ። ሌላው አንጀት ውስጥ ነው፦ ትል ወይም ኮክሲዲዮሲስ (በዓይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ)። ትኩስ ኩስ በንጹሕ ላስቲክ ይዘው የእንስሳት ክሊኒክ ያስመርምሩ። ሁለቱ የሚታከሙት በተለያየ መድኃኒት ስለሆነ በግምት መስጠት ገንዘቡንም ዶሮዋንም ያሳጣል።

*ለ. ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ኩክኒ*

ሰው በጣም የሚደነግጥበት ይህ ነው፤ ለዚህም ነው ሁለት ፎቶ ያስነሳሁዎት። ጠዋት ጫፉ ሐምራዊ ሆኖ፣ ፀሐይ ሲሞቃት እኩለ ቀን ላይ ከቀላ፣ ብርድ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጥርት ያለ ሰማይ ሌሊቱ እስከ ውርጭ ይደርሳል። ዶሮዋ ሙቀቷን ለማቆየት ወደ ኩክኒ ጫፍ የሚሄደውን ደም ትቀንሳለች። ይህ በሽታ አይደለም፣ ሰውነቷ በትክክል እየሠራ ነው። ረጅምና ቀጥ ያለ ኩክኒ ያላቸው እንቁላል ጣይ ዝርያዎች ላይ በግልጽ ይታያል፤ ራሳቸው ላይ የተለጠፈ አጭር ኩክኒ ያላቸው የሀበሻ ዶሮዎች ላይ ብዙም አይታይም።

ሥራዎ ቤቱን ማድረቅ ነው። ኩክኒን የሚጎዳው ብርዱ ከእርጥበት ጋር ሲሆን ነው፤ ከኩስና ከትንፋሽ የሚወጣው እንፋሎት ኩክኒው ላይ ያርፍና ሌሊት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከጣሪያው ሥር፣ ዶሮዎቹ ከሚያድሩበት ከፍታ በላይ የአየር መውጫ ይተው፤ በቆጡ ልክ ያለውን ቀዳዳ ግን ይድፈኑ። ብርድ ፈርቶ ሁሉንም ቀዳዳ በማዳበሪያ ከረጢት መጠቅጠቅ ተቃራኒውን ያመጣል። እርጥብ ጉዝጓዝ ይጥረጉና ደረቅ ጭድ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይተኩ። የውኃ ዕቃው ሌሊት ውጭ ይደር።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ እንዲሞቃቸው ብለው በተዘጋ የዶሮ ቤት የከሰል ምድጃ አያስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ በሰው ላይ የሚያደርሰውን ዶሮም ላይ ያደርሳል። በዚህ ጋዝ የሞተች ዶሮ ኩክኒዋ ደማቅ ቀይ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል ባለቤቱ ምክንያቱን አይጠረጥርም።

እኩለ ቀን ላይም ሐምራዊ ሆኖ ከቀጠለ ዕድሜዋንና ዝርያዋን ይመልከቱ። ከጫጩትነቷ ጀምሮ ፊቷም ቆዳዋም ጠቆር ያለ ከሆነ የዘር ነው፤ በሀበሻ ዶሮ ዘንድ አለ። በዕድሜ የገፋች፣ ስትሯሯጥ ቶሎ የምትደክም ከሆነች ልቧ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሌሎቹ አይተላለፍም፣ ቆጧን ዝቅ አድርገው በሰላም ያኑሯት። የሥጋ ዶሮ ሆና ከዕርድ ጊዜዋ በላይ የቆየች ከሆነ ደግሞ ሆዷን ይዳስሱ። ፈጥነው የሚያድጉ የሥጋ ዶሮዎች በእኛ ከፍታ፣ አየሩ ኦክስጅኑ ሳሳ ባለበት ቦታ፣ ልባቸው ከሥጋቸው ጋር መራመድ ያቅተዋል፤ ሆዳቸው ውኃ ይቋጥራል፣ ኩክኒያቸው ሐምራዊ ይሆናል። ሆዷ እንደ ውኃ ከረጢት ከተወዛወዘ መዳኛ የለውም። ለሚቀጥለው ዙር ግን መኖውን በልክ ሰጥቶ ዕድገታቸውን ማዘግየት ይረዳል።

*ሐ. ጥቁር ነጥብ፣ ጥቁር ቅርፊት፣ ጥቁር ጫፍ*

እዚህ አራት የተለያዩ ነገሮች ይምታታሉ፤ በጥንቃቄ ያንብቡ።

አንደኛው ቁስል ነው። አዲስ ዶሮ ከገባ በኋላ፣ በተለይ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ተገዝቶ ሳይታረድ የቀረው ከመንጋው ጋር ሲቀላቀል፣ በመንቆር ይጠቃጠቃሉ። ቅርፊቱ አንድ ወይም ሁለት ነው፣ ቅርጹ ጭረት ይመስላል፣ በየቀኑ አዲስ አይወጣም። በጨው ውኃ አጥበው አዮዲን ያስነኩት። ደም እየወጣ ከሆነ ለብቻዋ ያቆዩ፤ ዶሮዎች ቀይ ነገር ካዩ መጠቅጠቁን አይተዉም።

ሁለተኛው የዶሮ ፈንጣጣ ነው። ሲጀምር ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ትንሽ እብጠት ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ እንደ ኪንታሮት ሻካራ ሆኖ ይጠቁራል። ኩክኒ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ወደ ሎቲ፣ ወደ ዓይን ቆብ፣ ወደ መንቆር ጠርዝ ይሄዳል፣ በሳምንታት ውስጥም ሌላዋን ዶሮ ይይዛል። ቢንቢ ስለምታስተላልፈው ክረምቱ ሲወጣ ውኃ ባቆረባቸው ሰፈሮች ይበዛል። በቆዳ ብቻ ከቀረ ዶሮዋ እየበላች በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ትድናለች። ቫይረስ ስለሆነ እንደ ቴትራሳይክሊን ያለ የባክቴሪያ መድኃኒት አይነካውም። ቅርፊቱን አይላጡ፤ ቫይረሱ ቅርፊቱ ውስጥ ነው፣ የወደቀው ቅርፊትም መሬት ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በአዮዲን ያስነኩ፣ ዓይኗ እንዳይዘጋ በጨው ውኃ ይጥረጉ፣ ጉዝጓዙን አውጥተው ያቃጥሉ። ገና ላልተያዙት ክትባት አለ፤ በአገር ውስጥ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ በክንፍ ቆዳ በኩል ይወጋል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተስማምተው ባለሙያ ይጥሩ።

ሦስተኛው ቁንጫ ነው። ኩክኒው ላይና በዓይኗ ዙሪያ እንደ ኑግ ፍሬ የተዘሩ የሚያብለጨልጩ ጥቋቁር ነጥቦች ካዩና ሲጠርጉ ካልለቀቁ፣ በወረንጦ ይንኩ። ይህ የቁንጫ ዓይነት እንደሌላው አይዘልም፤ ራሱን ቆዳው ውስጥ ቀብሮ ይጣበቃል። ቫዝሊን በወፍራሙ ይቀቡት፤ አየር አጥቶ ይሞታል። በማግስቱ በወረንጦ ይልቀሙ፣ ቦታውን አዮዲን ያስነኩ። ዓይኗ ውስጥ ቫዝሊን አይግባ። የቁንጫው እጭ (ከእንቁላል የሚፈለፈለው ትል መሳይ) ጉዝጓዝና አፈር ውስጥ ስለሚያድግ ዶሮዋን ብቻ አክሞ መተው ዋጋ የለውም፤ ቤቱን እስከ ወለሉ ይጥረጉ። ውሻና ድመት ላይም ይሄዳል።

አራተኛው ውርጭ የመታው ጫፍ ነው። ከብርዳማ ሌሊት በኋላ ጫፎቹ መጀመሪያ ይገረጣሉ፣ ቀጥሎ ይጠቁራሉ፣ ይደርቃሉ፤ ሲጫኑት አይነጣም። አይሹት፣ በሙቅ ውኃ አይዘፍዝፉት፣ በመቀስ አይቁረጡት። የሞተው ክፍል ሕያው የሆነውን ይሸፍንለታል፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይወድቃል። ከሥሩ ካበጠ፣ ከመገለ ወይም ከሸተተ ግን ሐኪም ያሳዩ።

*መ. ነጭ ዱቄት የመሰለ*

በጎዝ ሲጠረግ ከለቀቀና ካልተመለሰ አመድ ወይም ድርቀት ነው። በሁለት ሦስት ቀን ከተመለሰ፣ እየሰፋና እየወፈረ ከሄደ፣ ፈንገስ ነው፤ በሰው ላይ የሚወጣው ጭርት ዘመድ። በእርጥብና በተጨናነቀ ቤት በክረምት ይወጣል። ጓንት ያድርጉ፣ ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላልና። ቅርፊቱን በለብታ ውኃና በሳሙና አለስልሰው ያንሱ፣ ያድርቁ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ እንደ ክሎትሪማዞል ያለ የፈንገስ ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀቡ። ቆዳው ንጹሕ ከመሰለ በኋላም አንድ ሳምንት ይቀጥሉ፤ ፈንገስ ከዓይን ይጠፋና ከቆዳው ውስጥ ይቀራል። ዶሮዋን ለብቻዋ ያቆዩ። ቅባቱ ለዶሮ ተብሎ የተሠራ ስላልሆነ ስለ እንቁላሉ ሐኪም ይጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ማታ በባትሪ ቆጡን ይፈትሹ

ቀን ዶሮዋ ላይ ምንም ስላላዩ ተባይ የለም አይበሉ። ደም የምትመጥጠው ጥቃቅን ቀይ ተባይ ቀን ቀን ቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ትተኛለች፣ ሌሊት ወጥታ ትመጥጣለች። ከጨለመ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ይግቡ፤ ነጩን ወረቀት ከቆጡ ሥር አድርገው እንጨቱን ያንኳኩ፣ ከዚያም የቆጡን ሆድ በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። የሚሄድ ነጥብ ወይም የደም ጭረት ጨርቁ ላይ ከታየ አገኟት። መዥገርም በዚሁ ሰዓት ይገኛል። የላባ ቅማል ግን ቀንም ዶሮዋ ላይ አለ፤ ከኩስ መውጫዋ ዙሪያ ላባዋን ገልጠው ይፈልጉ።

ቆጡን ነቅለው ውጭ አውጥተው የፈላ ውኃ ያፍሱበት፣ ስንጥቆቹን በኖራ ይድፈኑ። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ለዶሮ ቤት የተፈቀደ መርጫ ሲገዙ፣ ዶሮዎቹን አስወጥተው ይርጩ፣ ደርቆ ሳይተነፍስ አያስገቡ። ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይድገሙት፤ የመጀመሪያው መርጫ ያልነካው የተባይዋ እንቁላል በዚያ ጊዜ ይፈለፈላል። ሁለተኛውን ዙር የሚዘሉ ሰዎች ናቸው «መድኃኒቱ አይሠራም» የሚሉት። ቤቱን ባዶ አድርጎ መጠበቅም አያዋጣም፤ ይህች ተባይ ደም ሳታገኝ ለወራት መቆየት ትችላለች።

ደረጃ 7፦ ሁለት ሳምንት ይከታተሉ

በየሦስት ቀኑ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ፎቶ ያንሱ። ዓይን ይላመዳል፣ ፎቶ አይላመድም። ቁስል በሁለት ሳምንት መቀነስ አለበት። ከደም ማነስ የምትድን ዶሮ ቀስ ብላ ነው የምትቀላው፤ በሳምንት ውስጥ ለውጥ ስላላዩ መድኃኒት አይቀያይሩ። ቀለሙ ከተስፋፋ፣ መኖ ከቀነሰች ወይም ሌላ ዶሮ ላይ ከታየ ወደ ማስጠንቀቂያው ዝርዝር ይመለሱ።

ክሊኒክ ሲሄዱ ፎቶዎቹን ከነቀናቸው፣ በዚያ ጠዋት የተጣለ ኩስ፣ የመኖውን ከረጢት ጽሑፍ፣ እስካሁን የሰጧትን ነገር ሁሉ ዝርዝር ይዘው ይሂዱ። ዶሮዋን በካርቶን ያጓጉዙ፤ በታክሲ ወንበር ሥር ታስራ የደረሰች ዶሮ ኩክኒ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም።

በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች

- *ሰው የሚወስደውን የቴትራሳይክሊን እንክብል ውኃ ውስጥ መበጥበጥ።* ለብርድ፣ ለፈንጣጣ፣ ለፈንገስ፣ ለተባይ፣ ላባ ለመቀየርም አይሠራም። ከላይ ካሉት ምክንያቶች አብዛኛውን አይነካም፤ እንቁላሉ ውስጥ ግን ይገባል። በሐኪም ከታዘዘም እንቁላሉ ስንት ቀን እንደማይበላ ይጠይቁ።
- *ላምባ፣ የተቃጠለ ዘይት ወይም የሰብል ተባይ መድኃኒት ኩክኒ ላይ መቀባት።* ላምባ ቆዳውን ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚጠቁረው ኩክኒ የእርስዎ ሥራ ነው። የሰብል መድኃኒት ዶሮዋን ይገድላል፣ ባይገድልም እንቁላሏን ያበላሻል።
- *አረቄ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት በጉሮሮ ማንቆርቆር።* በኃይል የሚጠጣ ነገር ወደ መተንፈሻዋ ይገባል፤ ደህና የነበረች ዶሮ ከዚህ በኋላ ነው የምትታመም።
- *እርጥብ አመድ።* ለመታጠቢያ አመድ ጥሩ ነው፣ ደረቅ ሆኖ ከአፈር ጋር ሲደባለቅ። ዝናብ የነካው የእንጨት አመድ ቆዳ ይበላል፣ ኩክኒንም ያቀላል፣ ያቆስላል። መታጠቢያውን ከጣሪያ ሥር ያድርጉት።
- *አዲስ ዶሮን በገዙበት ቀን ማቀላቀል።* ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስት፣ በተለየ ቦታ፣ በተለየ የውኃ ዕቃ ያቆዩ። መጀመሪያ ነባሮቹን፣ መጨረሻ ላይ አዲሶቹን ይመግቡ፤ ጫማዎ ከአዲሶቹ ወደ ነባሮቹ በሽታ እንዳይሸከም።
- *ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሞከር።* ቅባቱም፣ ቪታሚኑም፣ የትል መድኃኒቱም በአንድ ቀን ከተሰጠና ከዳነች የትኛው እንደሠራ አያውቁም፤ ካልዳነች ደግሞ የትኛው እንደጎዳት።